ምሁርና ሠዓሊ በአንድ ጣሪያ ሥር

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ተመራማሪና የጥበብ ሰው ማደሪያ፣ መሥሪያ ቦታና ምግብ ተሰጥቷቸው ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ግቢ እየኖሩ የየራሳቸውን ሥራ የሚሠሩበት ዝግጅት ሬዚደንሲ ይባላል። ስለ እሱ ከሐረር፣ ከድሬዳዋና ከአካባቢያቸው ከደረሱን ደብዳቤዎች ተመሳሳዮቹን አጣምረን አምስቱን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ከእናቴ የወረስኩት ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) አለኝ። ልጆቼ ውጭ ናቸው። ቤቱ ባዶውን ከሚፈርስ ሦስት ተመራማሪና ሦስት ሠዓሊ እየተቀበልኩ ሬዚደንሲ ላደርገው አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? (ወ/ሮ ነ.፣ ሐረር)

መልስ፦ ወ/ሮ ነ.፣ ከቁጥሩ ይጀምሩ፤ ስድስት ይበዛል። ስድስት እንግዳ ከአብሳይና ከጽዳት ሠራተኛ ጋር ስምንት ሰው ነው። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውኃ ቢያስቡ 400 ሊትር ይሆናል። የሐረርን ውኃ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ሁለት ተመራማሪና ሁለት ሠዓሊ ከሠራተኞቹ ጋር በቀን 300 ሊትር ስለሚበቃቸው፣ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አንዴ ከሞላ ስድስት ቀን ያደርሳል። አደራ፣ ሮቶውን ጣሪያ ላይ እንዳያሰቅሉት። ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ጠፍጣፋ ጣሪያ ይህን አይችልም። መጀመሪያ እንጨቱ ይጎብጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃ መሐሉ ላይ ይቋጥራል፣ ከዚያ ማፍሰሱን ማንም አያቆመውም። ግቢው ጥግ ላይ ከፍ ካለ የድንጋይ መደብ ያስቀምጡትና በትንሽ ፓምፕ ይግፉት።

ግድግዳውን ለማሳመር ብለው ሲሚንቶ እንዳያስለስኑ። የድንጋይና የጭቃ ግንብ እርጥበቱን የሚተፋው በኖራው ቅብ በኩል ነው። ሲሚንቶ ሲለሰንበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ ይነፋና የግንቡን ፊት ይዞ ይወርዳል። በጭቃ መጠገን፣ በኖራ መቀባት በየዓመቱ የሚደገም ሥራ ቢሆንም ቤቱን የሚያኖረው እሱ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት የክልሉን የቅርስ ቢሮ ፈቃድ ይያዙ።

ክፍሎቹን ስናካፍል፣ ጊዲር ጋር (ትልቁ ሳሎን) ከነአምስቱ ነደባ (ከፍ ያሉት የመቀመጫ መደቦች) የጋራ ይሁን፤ መብልም ወግም እዚያ። ሥዕል ግን አይሠራበትም። የነደባው ቀይ አፈር የዘይት ቀለም ጠብታ ከጠጣ በኋላ አያስለቅቅም፤ ያለው መፍትሔ ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። የክብር መቀመጫው አሚር ነደባ ላይ እንግዳ ይቀመጥ አይቀመጥ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፣ ግን የመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው። የመቀመጫውን ደረጃ የማያውቅ ሰው ዘው ብሎ እዚያ ሲሰየም ሽማግሌ ሊጠይቅ ከመጣ ሁለቱም ያፍራሉ። የጎን ክፍሏ ኪርታት ጠባብና ጨለምለም ያለች ስለሆነች ለአራት ሳምንት መኝታ አትመችም። የፀሐይ ብርሃን ስለማይደርስባት ግን አሮጌ መጽሐፍ በመብራት ፎቶ ለሚያነሳ ተመራማሪ የተፈጠረች ናት።

ለተመራማሪዎቹ ፎቁን ይስጡ፤ ለእያንዳንዳቸው 120 በ70 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ፣ ጀርባ ያለው ወንበር፣ ከውስጥም ከውጭም የሚቆለፍ በር። ሠዓሊው ብርሃን ስለሚፈልግ ግቢ ይውጣ። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የፕላስቲክ ሸራ ለጥላ መዘርጋት ነው። ብርሃኑ የሸራውን ቀለም ይዞ ስለሚወርድ ሠዓሊው በሰማያዊ ብርሃን ውስጥ የደባለቀው ቀለም አዳራሽ ሲገባ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ነጭ አቡጀዲ ይዘርጉ። ሁለተኛው ከአውሮፓ መጻሕፍት የተቀዳው «የስቱዲዮ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለምታልፍበት አገር ነው። ሐረር ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን ነው። መስኮት ከሚያስቀድዱ የሚንቀሳቀስ መጋረጃ ይሻላል።

አሁን እሳት። በተልባ ዘይት የራሰ የብሩሽ መጥረጊያ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ይሞቃል፣ ክብሪት ሳይነካውም ሊቀጣጠል ይችላል። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውኃ ሞልተው ያስቀምጡ፤ ጨርቁ ሁሉ ማታ እዚያ ይገባል። ተርፐንታይንና ቲነር ከመኝታ ቤትና ከመጻሕፍት ይራቁ። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አንድ ግቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ ይኑር፤ የእሳት አደጋ መኪና በጀጎል ጠባብ መንገድ አይገባማ።

የቤቱን ሕግ እንግዳው ትኬት ከመቁረጡ በፊት በጽሑፍ ይላኩለት፦ ምግቡ ሐላል ነው፣ መጠጥ ወደ ግቢ አይገባም (ካልፈቀዱ)፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ከጣሪያው ግን የጎረቤት ግቢ ስለሚታይ ሬዚደንሲውን ከሰፈሩ ጋር የምታጣላው እሷ ናት።

ስለ ገንዘቡ፣ ከእንግዳው በአዳር የሚያስከፍሉ ከሆነ የከፈቱት ፔንሲዮን ነው፤ ነውር የለበትም፣ ፈቃዱም ስሙም ግን ሌላ ነው። ሬዚደንሲ ከሆነ ወጪውን የሚሸፍን ዩኒቨርሲቲ፣ የባህል ማዕከል ወይም ለጋሽ ይፈልጉና በአንድ የአራት ሳምንት ሙከራ ይጀምሩ። ሰው ሲመርጡ ደግሞ አንድ ማጣሪያ እናዋስዎ። ወደ ሐረር የሚመጣ ማመልከቻ አብዛኛው በጅብ ወይም በፈረንሳዊው ገጣሚ በሬምቦ ይጀምራል። «ሬምቦ በኖረበት ቤት ተቀምጬ እጽፋለሁ» የሚል ካገኙ ወደ ታች ያድርጉት። ሬምቦ ቤት የሚባለው ሕንፃ ገጣሚው በ1891 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ያን ያላነበበ ሰው ስለ ከተማዋ ገና አልጠየቀም።

ጥያቄ፦ ሠዓሊ ነኝ፤ ውጭ አገር ላሉ ሬዚደንሲዎች ሁለት ጊዜ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም። በሦስተኛው «ተቀብለንሃል፣ 600 ዩሮ ላክ» አሉኝ። ማጭበርበር ነው? ማመልከቻዬስ ምን ቢጎድለው ነው? (ከ.፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ገንዘብ መጠየቅ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ሬዚደንሲ ሦስት ዓይነት ነው፦ የኪስ ገንዘብ ጨምሮ ሁሉን የሚችል፣ ቤትና መሥሪያ ቦታ ብቻ የሚሰጥ፣ ተሳታፊውን የሚያስከፍል። ጥሪውን ሲያነቡ አምስት ነገር ለይተው ይጻፉ፦ ትኬት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ቁሳቁስ፣ የኪስ ገንዘብ። ከአምስቱ ያልተጠቀሰ ካለ የእርስዎ ወጪ ነው ብለው ይያዙት። ሳያመለክቱ «ተመርጠዋል» የሚል ደብዳቤ፣ ዓርብ ማታ ልኮ ሰኞ ክፈል የሚል፣ ገንዘቡ በግለሰብ ስም እንዲላክ የሚል ከሆነ ይተዉት። ጥርጣሬ ካለዎት አምና የነበሩ የሁለት ተሳታፊዎችን ስም ይጠይቁና ራስዎ ፈልገው ያነጋግሯቸው። እውነተኛ ቤት ይህን ጥያቄ አይቀየምም።

ወደ ማመልከቻው እንምጣ። መራጮች ቀድመው የሚያዩት ምስሉን ነው፤ የእርስዎን ያህል ሌላ ብዙ ስላለ እያንዳንዱ ላይ ብዙ አይቆዩም። ሥዕሉን የቀትር ፀሐይ ላይ ፎቶ ማንሳት ቀለሙን ያነጣዋል፣ በዘይት የተሠራውንም ያብለጨልጨዋል። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው፣ እኩል ጥላ ባረፈበት ነጭ ወይም ግራጫ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ካሜራው በሥዕሉ መሐል ቁመት ልክ ይሁን፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ማዕዘኖቹ ይጣመማሉ። ሰማያዊ ወይም ቢጫ ግድግዳ ቀለሙን ያሳስታል። የፋይሉ ስም ቁጥር፣ የአባት ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ ዓመት ይሁን፤ መጠኑን በሳንቲ ሜትር ይጻፉ። አሥር ምስል ከተጠየቀ አሥር እንጂ አሥራ ሁለት አይላኩ። አሥሩም ከአንድ ሁለት የሥራ ምድብ ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ የላከ ሰው ሁሉን እንደሚችል ማሳየቱ ነው፤ መራጩ ግን ምን እየፈለገ እንዳለ አይገባውም።

የሥራ ዕቅዱ ላይ የሕይወት ታሪክ አይደገምም። በአራት ሳምንት ምን ሊሠሩ እንደሆነ፣ በስንት መጠን፣ በምን ቁስ፣ ለምን እዚያ ቦታ መሆን እንዳለበት ይግለጹ። «ተፈጥሮ ያነሳሳኛል» ማለት ለማንኛውም ቦታ ይሠራል፤ ለማንኛውም ቦታ የሚሠራ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለየትኛውም ቦታ አይመረጥም። «የድሬዳዋ ልገሃር አሮጌ የባቡር ቲኬቶችን ቀለም ይዤ እመጣለሁ፤ በእናንተ የሕትመት መሣሪያ 12 ገጽ አትማለሁ» የሚለው ግን መሣሪያቸውን ማወቅዎን ይናገራል።

ቀኑና ሰዓቱ ብዙ ሰው ይጥላል። የአሜሪካ ጥሪ 06/09 ሲል ጁን 9 ማለት ነው እንጂ ሴፕቴምበር 6 አይደለም። ኒው ዮርክ ላይ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በፊት የሚዘጋ ማመልከቻ በእኛ በማግሥቱ፣ በእነሱ ክረምት ከጠዋቱ 1፡59፣ በእነሱ በጋ ከንጋቱ 12፡59 ላይ ይዘጋል። ሌሊቱን የሚያተርፍ ይመስላል፤ መብራትና ኔትወርክ የሚጠፉትም ያን ሌሊት ነውና ሁለት ቀን ቀድመው ይላኩ። ስምዎን ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈ፣ ፊደል ሳይለውጡ፣ ሦስቱንም ይጻፉ። ማመልከቻው ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ከሆነ ግብዣው ይመጣና ኤምባሲው ላይ ይጣላል።

የሼንገን ቪዛ ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር አይቻልም። ቆይታው በ180 ቀን ውስጥ ከ90 አይበልጥም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። የግብዣ ደብዳቤው ላይ ማን ምን እንደሚከፍል በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ «እንጋብዝዎታለን» ብቻ ከሆነ ቆንስሉ የባንክ ሒሳብዎን ነው የሚያየው። ቀጠሮው አዲስ አበባ ስለሆነ የደርሶ መልሱን ወጪ አይርሱ።

ሥራ ይዘው ከሄዱ የሥዕሉ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ላይ ይጠቅልሉ። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ተጨናንቆ ይሰነጠቃል። አክሪሊክ በድሬ ሙቀት ይለሰልስና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በቅዝቃዜ ደግሞ ይደርቅና ይሰበራል። በመሐሉ የማይጣበቅ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያድርጉ፤ እንደደረሱም ወዲያው አይዘርጉት፣ ክፍሉን ይልመድ። ተርፐንታይንና ቲነር አውሮፕላን ላይ አይገቡም። ሥዕሉ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድመው ይያዙ፤ ቦሌ ላይ ክርክር አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ የሐረር የእጅ ጽሑፎችን አጠናለሁ። አንድ ሬዚደንሲ ከሠዓሊ ጋር አጣምሮኛል። እኔ ጸጥታ እፈልጋለሁ፣ እሷ ወሬ ትወዳለች። አብሮ መሥራት ግዴታ ነው? የሠራነውስ የማን ነው? (አንባቢ፣ ሐረማያ)

መልስ፦ ግዴታ መሆን የለበትም። ልምድ ያላቸው ቤቶች ሰዎችን የሚያገናኙት ማዕድ ላይ ነው፤ ሥራውን ለየብቻ ይተዉታል። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሜሪካው ማክዶዌል ምሳን በቅርጫት አድርጎ ስቱዲዮው በር ላይ ያኖራል፤ ቀን ማንም ሰው አያንኳኳም፣ ራት ግን የጋራ ነው። በጣሊያን ኮሞ ሐይቅ ላይ ያለው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤላጆ ማዕከልና በሮም ያለው የአሜሪካ አካዳሚም ምሁርና አርቲስት አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ቀኑን ግን ለየራሳቸው ነው።

ስለዚህ ቤቱን ይህን ያህል ይጠይቁ፦ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በር አይንኳኳም፤ ራት በሳምንት አራት ማታ የጋራ ነው (ሰባቱም ማታ ሲሆን ሰው መደበቅ ይጀምራል)፤ ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ በሳምንት አንድ ማታ አንድ ሰው ለ20 ደቂቃ ሥራውን ያሳያል። በመጀመሪያው ሳምንት ማሳየት ጥሩ አይደለም፤ ሰው ገና የሚያሳየው ስለሌለው የድሮ ሥራውን ያመጣል። ለምሁራኑ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ይመደብ። ይህን በፈገግታ አንልም፣ የምር ነው።

ጥምረት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምሁሩ ሠዓሊዋን የመጽሐፉ ሥዕል ሠሪ ሲያደርጋት ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ሠዓሊዋ የእጅ ጽሑፉን ጌጥ ቀድታ ሸራ ላይ ትለጥፍና ትርጉሙን ሳትጠይቅ ትሄዳለች። ሁለታችሁም አንድ ጥያቄ ብቻ ተጋሩ። ሐረር በመጽሐፍ ጥረዛዋ ትታወቃለች፤ የሽፋኑ ቆዳ እንዴት ተቆረጠ፣ ጌጡ በምን መሣሪያ ተረገጠ የሚለውን እርስዎ ከጽሑፉ፣ እሷ ከእጇ መጠየቅ ትችላላችሁ። እጅ የሚያውቀውን ዓይን የማያየው ብዙ ጊዜ ነው።

መጽሐፉ ፊት ስትቀመጡ ሻይ አይኑር። ንጹሕና ደረቅ እጅ ከጓንት ይሻላል፤ ጓንት የገጹን ጠርዝ ስለማያስታውቅ ወረቀት ያስቀድዳል። መጽሐፉን እስከ 180 ዲግሪ አትክፈቱ። በሁለት ወገን በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ደግፋችሁ 90 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ፍላሽ አይበራም። ባለቤቱ ፎቶ አንሱ ማለቱ አሳትሙ ማለት ስላልሆነ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ለባለቤቱ ስጡ። ከሽማግሌዎች ጋር በበርጫ ሰዓት ማውራት ጥሩ ነው፣ ነገሩ ይፈታል። ግን በርጫ ላይ የተሰጠ «እሺ» ፈቃድ አይደለም፤ በማግሥቱ ጠዋት ተመልሳችሁ ጠይቁ፣ ድምፁንም ቅዱ።

የባለቤትነቱን ነገር ሳትጀምሩ በአንድ ገጽ ተፈራረሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል። ገጹ ላይ ይኑር፦ የየብቻችን የትኛው ነው፣ የጋራችን የትኛው ነው፣ የስም ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው፣ ሥዕሉ ቢሸጥ ክፍፍሉ ስንት ነው፣ አንዳችን ብናቋርጥ ሌላው መቀጠል ይችላል ወይ፣ ሬዚደንሲው ምስሉን ለማስታወቂያ የሚጠቀመው እስከ መቼ ነው። የስፌት ወይም የጥረዛ ዕውቀት ያስተማረቻችሁ ባለሙያ ካለች ስሟም ክፍያዋም እዚያው ይጻፍ። ምስጋና ገጽ ላይ «የሐረር ሴቶች» ብሎ ማለፍ ስም መሰረዝ ነው።

ጥያቄ፦ ስሙኝ አቦ! ዲግሪ የለኝም። ጋራዥ እበይዳለሁ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቅርጽ እሠራለሁ። ይቀበሉኛል? (ድሬ)

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው ይባላልና እኛም «አንተ» ብለንሃል። አብዛኛው ሬዚደንሲ ከአርቲስት ዲግሪ አይጠይቅም፤ ሥራህን ነው የሚያየው። ዶክትሬት ወይም መጽሐፍ የሚጠየቀው ተመራማሪው ነው። አንተ መጠየቅ ያለብህ ሌላ ነው፦ ብየዳ የሚፈቀድበት ሼድ አለ? ስንት አምፔር ይሰጣል? ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ እንጨት? እንጨት ከሆነ ብልጭታው ስለሚያቃጥለው ከበር ይመልሱሃል። የእኛ 220 ቮልት መሣሪያ አውሮፓ ይሠራል፤ አሜሪካ ግን የግድግዳው ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ እዚያው ያለውን ተጠቀም። ጭምብልህንና ጓንትህን ይዘህ ሂድ፣ በልክህ አታገኝም። ፎቶ ስታነሳ ከቅርጹ አጠገብ ሰው አቁም፤ ያለዚያ ቁልፍ መያዣ ይሁን ሐውልት አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ሐረርና ድሬ ላይ እንግዳ ለመቀበል የትኛው ወር ይሻላል? ስንት ሳምንትስ? (የባህል ማዕከል ሠራተኛ)

መልስ፦ አራት ሳምንት ዝቅተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት በመልመድ፣ የመጨረሻው በመሸከፍ ያልቃል። ስድስት ቢሆን እንመርጣለን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀትሩ አያሠራም፤ እዚያ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ሐረር 1,850 ሜትር አካባቢ ስላለች ዓመቱን ሙሉ ትመቻለች፤ ክረምት ላይ ግን ጣሪያው ይታይ። ረመዷን ላይ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ የሚመጣ ተመራማሪ ቀን ሰው አያገኝም፣ ከተራዊሕ (የረመዷን የሌሊት ሶላት) በኋላ ግን ከተማዋ ነቅታ ይጠብቀዋል፤ ሥራው የሌሊት ከሆነ ይምጣ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ሸዋል ዒድ ከዒድ አልፈጥር በኋላ የሸዋል ወር ስድስት ቀን ከተጾመ ወዲህ ነው የሚከበረው፤ ያኔ አልጋ በሐረር ስለማይገኝ እንግዶቻችሁን ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማችሁ አስገቡ። የሒጅራው አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ የአምናውን መርሐ ግብር ገልብጣችሁ አትጠቀሙ።